ያለ ሕመም የታሰርኩበት ክፍል

እግራችሁ አብጦ ጫማ እምቢ ሲላችሁ «የእርግዝና ወግ ነው፤ ስትወልጂ ይለቅሻል» ለምትባሉ እናቶች ነው ይህን የምጽፈው። እኔም ተብዬ ነበር። ያሉኝ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። አማቴም፣ ጎረቤቶቼም፣ ክሊኒክ ያገኘሁት ሰውዬም የሚያውቁትን ነው የነገሩኝ። የሚያውቁት ነገር ግን የመጀመሪያ ልጄን አላተረፈልኝም።

ዘሐራ እባላለሁ። ቤታችን ከሮቢት ከተማ ወደ ፀሐይ መውጫ ሜዳውን ይዞ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ማሽላና ጤፍ እናርሳለን፤ ከብትና ሁለት ግመሎች አሉን። ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ ነው ሰይድን ያገባሁት። የምንኖረው ከእናቱ ከእማ ሐዋ ጋር በአንድ ግቢ ነው።

የመጀመሪያው እርግዝናዬ ስምንተኛ ወሩን ሲይዝ ራሴን ከኋላ በኩል እንደ ቀንበር ተጫነኝ። ጧት ስነሳ ፊቴ አብጦ ዓይኔ ጠቦ ይቆየኛል። ሰይድ መኪና መንገድ ላይ ካለች ትንሽ ከተማ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደኝ። ሰውዬው ጣቴን ወጋና «ወባ ነው» አለ። ወራቱ የወባ ስለነበር እኛም አልገረመንም። ክኒኑን ጨረስኩ፤ ራሴን ግን አልተወኝም። በሳምንቱ ከደረቴ በታች በቀኝ በኩል እየጨመደደ ያስመልሰኝ ጀመር። እዚያው ተመለስን። «ጨጓራ ነው» ብሎ የሚጠጣ መድኃኒት ሰጠኝ። ሁለቱንም ጊዜ ክንዴን አስሮ ግፊቴን ማንም አልለካውም። ለነፍሰ ጡር ክንድ እንደሚለካ እንኳ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ማሽላ እየሰፈርኩ ሳለ ዓይኔ ፊት እንደ እሳት ብናኝ ያለ ነገር ብልጭ ብልጭ አለ። ቁናውን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም። የሆነውን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው፤ ወድቄ፣ ጥርሴ ገጥሞ፣ ገላዬ እየተንቀጠቀጠ አረፋ ደፈቅኩ። ግቢው በሰው ሞላ። «ጂን ነው» ተባለ። ሸሁ ተጠርተው መጡ፤ ቁርአን ቀሩብኝ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ሲጨርሱ «ይህችን ሴት ሐኪም ይያት» ብለው ነበር አሉ። መንገዳችን ላይ ያለው ወንዝ ግን ሞልቷል ተባለና ሳልሄድ ቀረሁ። እንደገና ሁለት ጊዜ ጣለኝ። ልጁ እዚያው ቤት ተወለደ፤ አልተነፈሰም።

ስነቃ ጨለማ ነው። «መብራቱን አብሩ እንጂ» አልኩ። ለካ ቀን ኖሯል። ዓይኔ አያይም። ከጎኔ ጨርቅ ሲቀደድ፣ ውሃ ሲንቆረቆር፣ ሰዎች በሹክሹክታ ሲያወሩ ይሰማኛል። ልጄን እየገነዙት ነበር። እጄን ዘርግቼ «አስነኩኝ» ብዬ ለመንኩ። አማቴ «ይቅርብሽ ልጄ፣ አብሽሪ» ብለው እጄን ወደ ደረቴ መለሱት። በሦስተኛው ቀን መጀመሪያ የበሩ ብርሃን፣ ቀጥሎም የሰው ጥላ ታየኝ። ዓይኔ ሲመለስ ልጄ ተቀብሯል።

ከዚያ በኋላ ሕመምተኛ መሆኔ ቀርቶ እስረኛ ሆንኩ። ጂን የያዛት ሴት እሳት ላይ ትወድቃለች ተብሎ ጉልቻ አጠገብ አልቀመጥም። ውሃ ልቅዳ ስል ጠባቂ ይታዘዝልኛል። ሰርግ ቤት ስገባ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ያስጠጋሉ። ሰይድ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም፤ ስለዚያ ቀን ግን እሱም ዝም፣ እኔም ዝም። ሦስት ዓመት በዚህ ዝምታ ኖርን።

ሁለተኛውን ሳረግዝ እስከ አራተኛ ወር ደበቅሁት። ያወቀችብኝ ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነች። ታሪኬን ስነግራት ደብተሯን ዘጋችና «እህቴ፣ የአንቺ ነገር ከእኔ በላይ ነው። ቆቦ ነው የምወስድሽ» አለችኝ። አማቴ አጉረመረሙ፤ ሰይድ ግን «ትሂድ» አለ።

ቆቦ ጤና ጣቢያ ውስጥ የሚያዋልዱት ሦስት ነበሩ። ትልቋ ሲስተር አልማዝ ነች፤ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ሲስተር ራሕማ የቆቦ ልጅ ነች፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ ሳቂታ። ሦስተኛው ወንድ ነው፤ ካሳሁን ይባላል። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ሲለው «አዋላጅ ነኝ» እያለ ያርማል፤ ተመልሰው ደግሞ «እሺ ዶክተር» ይሉታል።

ሲስተር አልማዝ ከሁሉ አስቀድማ «ከመውደቅሽ በፊት ምን አየሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ከወደቅሁ በኋላ ያዩትን ነው የሚነግሩኝ። ብልጭታውን፣ ራሴን፣ ከደረቴ በታች ያመመኝን፣ በኋላም ዓይኔ መጥፋቱን ነገርኳት። መናገር ስጀምር እንባዬ ቀደመኝ።

«ጂን አይደለም» አለችኝ። «የእርግዝና ደም ግፊት ይባላል። አንዳንዷን ሴት ስታረግዝ ደሟ ከመጠን በላይ ተገፍቶ ይሄዳል። ኩላሊትም፣ ጉበትም፣ አንጎልም ይጨነቃል። ማበጡም፣ ራስ ምታቱም፣ መውደቁም የእሱ ነው። ዓይንሽም የጠፋው በእሱ ነው። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም።»

እስከ ሰባተኛው ወር ድረስ እየተመላለስኩ ታየሁ። በሰባተኛው ወር ግፊቴ ወጣ፤ ሽንቴ ውስጥም ፕሮቲን ታየ። ኩላሊቴ መጨነቅ ጀምሯል ማለት ነው። ወልድያ ልከው ሐኪም አየኝ፤ የግፊት ክኒን አዞልኝ አዋላጆቹ በየቀኑ እንዲከታተሉኝ አደራ ብሎ መለሰኝ። እንግዲህ ያን ዕለት ነው ሲስተር አልማዝ «ቤትሽ ሩቅ ነው። ማቆያው ክፍል ትገቢያለሽ» ያለችኝ።

«ስንት ቀን?»

«እስክትወልጂ።»

ማቆያው ከሩቅ ለሚመጡ ነፍሰ ጡሮች የተሠራች የቆርቆሮ ክዳን ክፍል ነች። አራት አልጋዎች፣ አንድ በር፣ ሽቦ የተመታበት አንድ መስኮት አላት። መስኮቱ የሚያሳየው ግድግዳ ነው። ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው ይግልና ፍራሹ ሳይቀር ያልበዋል። ሌሎቹ ሴቶች ምጥ ሊይዛቸው ሲል ይመጣሉ፤ በአራትና በአምስት ቀን ልጃቸውን ታቅፈው እልልታ ተከትሏቸው ይወጣሉ። እኔ አለሁ። ዛሬ የመጣችው ነገ ትሄዳለች፤ እኔ አለሁ። አንዲት የጎብዬ ሴት «አንቺ የዚህ ቤት ባለቤት ነሽ እንዴ?» ብላ ቀለደችብኝ፤ እኔ ግን ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ።

ክፉ የሆነብኝ ደግሞ ሕመም ስላልነበረኝ ነው። ሕመም ቢኖር ሰው ይተኛል። እኔ ክኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ ራሴንም አላመመኝ፣ ሆዴም ሰላም ነው፣ እበላለሁ፣ እሄዳለሁ። ግን ከግቢው በር እንዳልወጣ ተነግሮኛል። ሰይድ ማሽላውን ከወፍ እየጠበቀ በየሳምንቱ የግመል ወተትና ዱቄት ይዞልኝ ይመጣል። ደጅ ላይ ተቀምጦ እግሩ ሥር ያለውን አፈር በእንጨት ይጭራል። «እንዴት ነሽ?» ይለኛል። «ደኅና ነኝ» እለዋለሁ። «ደኅና ከሆንሽ ለምን እዚህ ትሆኛለሽ?» እንዲለኝ እፈልጋለሁ፤ አይልም። ራሴ ለራሴ ነበር የምለው። ቤት ብሆን ጠባቂ አለብኝ፤ እዚህም ጠባቂ አለብኝ። ልዩነቱ እዚህ ጠባቂዎቹ ነጭ መልበሳቸው ነው እል ነበር።

የሚያበረታኝ የጧቱ ርክክብ ነበር። ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ያደረው ተረኛ ለገባው ሲያስረክብ ሦስቱም አልጋዬ ዘንድ ይመጣሉ። «ዘሐራ። ከዚህ በፊት አንድ ልጅ አጥታለች፣ ሦስት ጊዜ ጥሏታል። ራስ ምታት የለም። ዓይኗ ደኅና ነው። ልጁ ይንቀሳቀሳል።» ከዚያ ሲስተር አልማዝ ወደ እኔ ዞራ «ያጎደሉት ነገር አለ?» ትለኛለች። መጀመሪያ መጀመሪያ አፍሬ ዝም እል ነበር። በኋላ ግን «ትናንት ማታ እግሬ ከበደኝ፤ ይኼንን አልተናገሩም» ማለት ተማርኩ። የእኔን ሕመም እኔው ጭምር የማስረክበው ሆነ።

አንድ ጧት ራሕማ ሌሊት የለካችውና ካሳሁን ጧት የለካው አልገጥም አለ። የእሷ ከፍ ያለ፣ የእሱ ዝቅ ያለ ነው። «በጎኗ ተኝታ ለክተሃት ይሆናል» አለችው። «አንቺስ ሽንት ቤት ደርሳ እንደተመለሰች ለክተሻት እንደሆነስ?» አላት። ድምፃቸው ከፍ አለ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ፈራሁ፤ ሐኪም ሲጣላ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ሲስተር አልማዝ ሁለቱንም አልገሠጸችም። እኔን አሥር ደቂቃ አስቀመጠችና ሦስቱም በየራሳቸው መለኪያ ተራ በተራ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ ለክተው በየወረቀታቸው ጻፉ። ሲገለጡ የራሕማና የአልማዝ ገጠመ። ካሳሁን ወረቀቱን አየና «ልክ ነሽ፤ የእኔ መለኪያ አየር ያስወጣል» ብሎ ያን ዕቃ አስወገደው። ሰው በሰው ፊት «ልክ ነሽ» ሲል ማየት ለእኔ አዲስ ነገር ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚሉኝን አምን ጀመር።

ካሳሁንን ግን ገላዬን አላስነካም ብዬ ነበር። ወንድ ነው፤ አማቴም «ወንድ ካየሽ ቤቴ አትመለሺም» ብለውኛል። ይህን ለራሕማ በጆሮዋ ነገርኳት። ሦስቱ ተነጋገሩ መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ እሱ ክንዴን ብቻ ይለካል፤ ሌላውን ሁሉ ሴቶቹ ያዩኛል። አልተቀየመም። በገባ ቁጥር በሩን አንኳኩቶ «ካሳሁን ነኝ» ይላል። የዚያችን ክፍል በር የሚያንኳኳ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

በማቆያው አምስተኛ ሳምንቴን ስይዝ፣ በገበያ ቀን፣ አማቴ መጡ። የሰይድ ታናሽ እህት ልትዳር ነው። «ሙሽራ ስትወጣ የቤቱ ምራት ከሌለች ሰው ምን ይላል? ደግሞ አንቺ ምንም አልሆንሽ። እንዲያውም ወፍረሻል። ሦስት ቀን ሆነሽ ትመለሻለሽ።»

እውነቱን ልናገር፤ አላስገደዱኝም። ልቤ ከእሳቸው በፊት ነው የተነሣው። ራሕማ ማዋለጃ ክፍል ነበረች፤ ሲስተር አልማዝ እንግዳ መቀበያ ክፍሉ ውስጥ ነፍሰ ጡሮች ትመዘግባለች። ነጠላዬን ተከናንቤ ከገበያተኛው ጋር ተቀላቅዬ ወጣሁ። የአስፋልቱ አቧራ፣ የባጃጁ ጩኸት፣ የሽንኩርት ክምር፣ ሁሉም ደስ አለኝ። መናኸሪያው ደርሰን ሮቢት የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባንና መኪናው እስኪሞላ ተቀመጥን። ያን ጊዜ ግንባሬን እንደ መጫን አደረገኝ። «ፀሐይ ነው» አልኩ በልቤ። ለአማቴ አልነገርኳቸውም።

መኪናው ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው ካሳሁን ጋዋኑን እንደለበሰ፣ መለኪያውን በእጁ እንደያዘ እያለከለከ መጣ። ሊለካኝ ገብቶ አልጋዬን ባዶ ሲያገኘው፣ የጎኔ አልጋ ሴት ከአማቴ ከእማ ሐዋ ጋር ወደ መናኸሪያ መሄዴን ነግራዋለች። በመስኮቱ አየንና በሩ ላይ ቆመ።

«እማ ሐዋ፣ እንደምን አደሩ።»

«ደኅና። ምራቴን ይዤ ልሄድ ነው፤ አንተ ልጅ፣ አትከልክለኝ።»

«አልከለክልም። እስር ቤት አይደለም፤ ሰው በገዛ ፈቃዱ ይሄዳል። መኪናው እስኪሞላ ድረስ አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ። ክንድዎን ልለካ።»

«እኔ ምን ሆኜ?»

«ምንም አልሆኑም። የፈለግሁዎትም ለእሱ ነው።»

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። አማቴ ሰው ፊት እምቢ ማለት ከበዳቸውና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ካሳሁን ጨርቁን ክንዳቸው ላይ ጠመጠመ፤ ሰዓት የመሰለውን ነገር መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው። «አየሩን ሳስወጣ መርፌዋ ትወርዳለች። አንድ ቦታ ላይ ዝላይ ትጀምራለች። የት እንደሆነ እርስዎ ያሳዩኝ» አላቸው።

አማቴ ፊደል አልቆጠሩም። ግን ዓይናቸው ግመል ከሩቅ ይለያል። ጎንበስ ብለው አዩና «እዚህ ጋ ዘለለች» ብለው በጥፍራቸው አሳዩ። የላይኛውን ጫፍ አልፋ ወርዳ፣ በግራ በኩል ነበር።

«ጤነኛ ነዎት። አሁን የዘሐራን።»

ጨርቁ ክንዴን ሲጨብጠኝ ራሴም አብሮ ሲመታ ይሰማኛል። አማቴ መለኪያውን እንደያዙ ናቸው። አየሩ መውጣት እንደጀመረ «ወዲያው ዘለለች!» አሉ። «ገና አልወረደችም እኮ። ጫፉን አላለፈችም፤ ከወዲያ ማዶ ነች!» መርፌዋን እያዩ፣ እኔን እያዩ፣ እንደገና መርፌዋን አዩ። «እሷ ውስጥ ያለው ነገር እኔ ውስጥ የለም?»

«የለም» አላቸው ካሳሁን። «ያን ጊዜ የጣላትም ይኸው ነው።»

«ራስሽን ያምሻል?» አለኝ እኔን።

«አሁን ጀመረኝ» አልኩት።

አማቴ ክንዴን ይዘው «ውረጂ» አሉኝ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ራሕማ ምጥ ላይ ያለች ሴት ይዛለች፤ መልቀቅ አትችልም። ሲስተር አልማዝ አንድ እጇ ስልክ ላይ ነው፤ አምቡላንስ ትጠራለች፣ ወልድያ ትነግራለች፣ በሌላው እጇ ወረቀት ትጽፋለች። መንቀጥቀጥ የሚከለክለውን መርፌ መስጠት የሚችለው ካሳሁን ብቻ ሆነ። ከክንድ ሌላ መቀመጫ ላይም ይሰጣል። በሩ ላይ ቆሞ ገባሁ አላለም፤ አማቴን ጠበቃቸው። እሳቸው የራሳቸውን ነጠላ ከላያቸው አውርደው ከወገቤ በላይና በታች ሸፈኑኝ፤ መርፌ የሚገባበትን ቦታ ብቻ ተዉለት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩና «ውጋት ልጄ» አሉት።

መርፌው ሲገባ ገላዬ ከጫማዬ እስከ ጆሮዬ እንደ ፍም ነደደ። ይህን የምነግራችሁ እንዳትደነግጡ ነው፤ መድኃኒቱ እንዲያ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ይበርዳል።

አምቡላንሱ ውስጥ ሲስተር አልማዝ፣ እኔና አማቴ ነበርን። ሮቢትን ስናልፍ ወደ ቤቴ የሚያስገባውን መንገድ አየሁትና ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ያ ብልጭታ መጣ።

«ሲስተር፣ ዓይኔ!»

«ምን ታያለሽ?»

«የእሳት ብናኝ።»

«ከብናኙ ወዲያስ? በመስኮቱ ምን አለ?»

«ግመል።»

«ስንት ግመል?»

«ሦስት... አራት።»

«ቀጥዪ። የምታዪውን ሁሉ ንገሪኝ፤ እንዳታቋርጪ።»

ቁልቋል አልኳት። ድልድይ። ቢጫ ጀሪካን የጫነች አህያ። ጎብዬ ስንደርስ ሻሽ የምትሸጥ ሴት። ዳገቱን ስንጀምር ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ ድንጋይ። ሲስተር አልማዝ እጇን የደም ሥሬ ላይ አድርጋ ትሰማኛለች። ዓይኔ ከጠፋብኝ ቶሎ እንድታውቅ ነበር። እኔ ግን አንድ በአንድ ስቆጥርላት ዓለም ከእጄ እንዳትወጣ የያዝኳት መሰለኝ። ወልድያ እስክንገባ ድረስ አልወደቅሁም።

በዚያው ቀን በቀዶ ሕክምና ተወለደች። ሁለት ኪሎ አትሞላም። ድምፅዋን ሰማሁት፤ የጫጩት ያህል ነው። «አልሐምዱ ሊላህ» ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ መውጣቱን አላውቅም።

አለቀ እንዳይመስላችሁ። ግፊቱ ከወለዱም በኋላ ይመጣል፤ ብዙ እናቶች ይህን አያውቁም። ለአራት ቀን አልወርድልኝ አለ። ልጅቷ ደግሞ ሙቀቷን መያዝ ስለማትችል ቆዳ ለቆዳ መታቀፍ አለባት፤ ራቁቷን ደረት ላይ ተደርጋ በጨርቅ ትታሰራለች። እኔ በቀዶው ቁስልና በግፊቱ ተይዤ ብዙ መቆየት አቃተኝ። የሆስፒታሉ አዋላጅ ወደ አማቴ ዞረች። አማቴ ዙሪያውን አዩ። ከዚያ ደረታቸውን ገልጠው ተቀበሏት። አጥንታቸው በወጣ ደረት ላይ ልጄ ተጣብቃ ተኛች። «ሰባት ወልጃለሁ» አሉኝ። «አንዱንም እንዲህ ቁጭ ብዬ አቅፌው አላውቅም። ሥራ ነበረብኝ።»

ሰይድ በሁለተኛው ቀን ደረሰ። ልጅቷን አይቶ፣ እናቱን አይቶ፣ የአልጋዬ ብረት ላይ እጁን አሳረፈ።

«ያን ጊዜ ወንዙ ሞልቶ ነበር» አለኝ።

«ነግረውኛል።»

«ከሰዓት በኋላ ጎድሏል። ላሻግርሽ እችል ነበር። መንገድ ላይ ብትሞት እንኳ ነገሩ ያልፋል፣ ሳትሞት ብትወድቅ ግን ጂን እንደያዛት አገር ሁሉ ያያታል አሉኝ ግቢው ውስጥ የነበሩት ሰዎች። ሰማኋቸው።»

ይቅር አላልኩህም ብዬው አላውቅም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላልኩም። ግን ሦስት ዓመት የተዘጋው ነገር ተከፈተ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቤት ውስጥ መተንፈስ ቻልን። ልጁ የተቀበረበትን ቦታም እኔው ጠይቄው ኋላ አሳየኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስንለቀቅ ሲስተር አልማዝ በስልክ «ቤት ከመግባቷ በፊት እኛ ጋ ትረፍ፤ ሁለት ቀን እንያት» ብላ ስለነበር ቆቦ ወረድን። ያችው ክፍል፣ ያችው አልጋ። ግፊቴ ልክ ሆነ። ለሚቀጥሉት ዓመታት እንዳላረግዝ ራሕማ መከላከያውን ክንዴ ውስጥ ቀበረችልኝ፤ ሰይድንም አስቀምጣ ለምን እንደሆነ አስረዳችው። በመጨረሻው ጧት ሦስቱም ለርክክብ መጡ። ካሳሁን «ዘሐራ። ግፊቷ ወርዷል። ልጅቷ እየጠባች ነው። ዛሬ ቤቷ ትሄዳለች» ብሎ አነበበ።

የጓጓሁለት ቀን ነው። ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ቤት ክንዴን ማን ይለካዋል? ብልጭታው ቢመጣ የማየውን ማን ይጠይቀኛል? ልቀመጥባት ያልፈለግኋት ክፍል ልለቃት ያልቻልኳት ክፍል ሆነች።

«ሲስተር፣ አንድ ቀን ልጨምር» አልኩ።

ሲስተር አልማዝ ወደ በሩ አመለከተችኝ። አንዲት ልጅ እግር ነፍሰ ጡር ከእናቷ ጋር ቆማለች። ፊቷ ያበጠ ነው፤ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛዋለች። አልጋዎቹ ሁሉ ተይዘዋል።

ተነሣሁ። አንሶላውን ገፍፌ አጣጠፍኩ። ነፍሰ ጡሯ እየፈራች ገብታ ፍራሹን በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችው፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ያማል?» አለችኝ።

«አያምም» አልኳት። «የሚከብደው መቀመጡ ነው። ግን ተቀመጪ እህቴ።»

ተቀመጠች። ልጄን ደረቴ ላይ አስሬ ወጣሁ።